የእትዬ ሜትር መደብ

እኔ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ሰላሳ ዓመት የሰው ፀጉር ስቆርጥ የለመድኩት በመስታወት እያየሁ ማማት ነው። ራሴ ላይ ደግሞ አንዲት ፀጉር ስለሌለችኝ ሰፈሩ «መላጣው» ይለኛል፤ መላጣ ፀጉር አስተካካይ አይቶ የማይስቅ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ይሳቁ። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ሴት ሳልናገር ብቀር ሆዴ አይችለውም። ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን አትክልት ቦታ ያየ ሁሉ «ማነው ያለማው?» ይለኛል። «ሁላችንም» እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። እኛን ከየቤታችን ጎትታ ያወጣችን ግን እሷ ናት፣ እግዜር ይስጣት።

«እትዬ ሜትር» እንላታለን። አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋች ሴት ናት፤ የዚህ ሰፈር ግማሹ ፊደል የቆጠረው እሷ የሰፋችውን ቁምጣ ለብሶ ነው። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ገበያ ስትሄድ አለ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ አለ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አለ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ስትተኚስ ታወልቂዋለሽ?» ብላት፣ «አንተ መላጣ፣ አንተስ ስትተኛ ምላስህን ታወልቃለህ?» አለችኝ። ደንበኞቼ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ።

ወርክሾፑ ተዘግቶ ጡረታ ስትወጣ ያቺ ቆፍጣና ሴት ባንዴ ሟሸሸች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። አንዲት ልጇ አግብታ ሌላ ከተማ ናት፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። የቀራት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል፣ ባለ ፔዳል የስፌት መኪናዋና አንድ መስኮት ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ናት። መስኮቱ የሚያሳያት ደግሞ ምኑን ነው? ቆሻሻ! እዚያ ቦታ ላይ የነበረው መጋዘን ከፈረሰ አስራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። «ይሠራበታል» ተባለ፤ አጥር ታጠረ፤ አጥሩ ተሰረቀ፤ ከዚያ ፍራሽ የሚጥለው ፍራሹን፣ ጎማ የሚጥለው ጎማውን እያመጣ ሞላው። እኔ ደንበኛዬ ፊት ላይ ሳሙና ቀብቼ ምላጭ እስካነሳ ዝንቡ ቀድሞኝ ይቀመጥ ነበር። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ ላይኛው መንገድ ሲሸሹ በዚያው በመስታወቴ አይቻቸዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ሜትር የእቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቃ ወረደችና አንድ ፍራሽ መጎተት ጀመረች። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት፤ ፍራሹ ከእሷ ይከብዳል። በማግስቱ ሱቄ ገባችና ደንበኛዬ ፊት፣ «ትናንት ብቻህን ስትስቅ አየሁህ። ብቻውን የሚስቅ እብድ ነው። ና አብረን እንሳቅ» ብላ ጆንያ አስታቀፈችኝ። ምን ልበል? ወጣሁ። አስተማሪው እኔን አይቶ ወጣ፤ ታክሲ ነጂው አስተማሪውን አይቶ ወጣ፤ የመንታዎቹ እናት ሁለቱንም ይዛ ወጣች። በወሩ አስራ ስምንት ቤተሰብ ሆንን።

ቦታው ሲጸዳ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። የተቀበለን ሹም ክፉ ሰው አልነበረም። «መሬቱን ለግለሰብ አንሰጥም» አለን። «ነዋሪው በጋራ የሚያስተዳድረው ከሆነ ግን፣ አለቃ ሳይኖረው፣ አንድ መደብ አንድ ድምፅ ሆኖ፣ በዓመት በዓመት የሚታደስ ውል እንፈራረማለን። መጥቼ ጾሙን ያደረ መደብ ካገኘሁ ውሉ አይታደስም። አንድም ቢሆን።» እትዬ ሜትር ይህንን «አንድም ቢሆን» የምትለዋን ቃል ከቢሮው እስከ ሰፈር ድረስ በአፏ እያኘከች ነው የመጣችው።

ቦታውን ያካፈለችን እሷ ናት። በምን? በዚያችው በአንገቷ ሜትር! ያን የሚያህል ሜዳ በአንድ ሜትር ተኩል የልብስ መለኪያ፣ ተንበርክካ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለካችው። «እትዬ፣ ረጅም ሜትር እንዋስ» ስንላት «በዚህ ስንት ሺህ ልጅ ለክቻለሁ፤ አንዱም ጠበበኝ ብሎ አልመጣም» አለች። አስተማሪው አራት ጣት ጎደለብኝ ብሎ ቢያኮርፍ ሁሉንም እንደገና ለካችና «አራት ጣት አይደለም፤ ሦስት ሴንቲ ተኩል ነው» ብላ ከራሷ መደብ ቆርጣ ሰጠችው። ሰውየው እስከ ዛሬ ያፍራል።

ከፍርስራሹ ውስጥ የወጣ አንድ የድሮ በር ነበር። አጥሩ ላይ አስደግፋ ሕጋችንን በቀለም ጻፈችበት። ነገር ሁሉ እሁድ እሁድ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለቤቱ ያልደረሰበት መደብ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ለመጀመሪያው ሰው ይሰጣል። «ሰውየው አንድም ቢሆን ብሏል» ብላ ያስጸደቀችው እሷ ናት። ሦስተኛው፣ የሰው መደብ አይነካም። በዚህኛው ሰበቡ እኔ ነኝ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከእሷ መደብ ላይ አንዲት ቲማቲም ቀጥፌ ልበላ ስል ያዘችኝ። «ኧረ መሬት ወድቃ አግኝቻት ነው» አልኩ። «መሬት ለወደቀች ቲማቲም ነው ጨው ይዘህ የመጣኸው?» አለችኝ። እጄ ላይ ጨው ነበር፤ ምን ይዋጠኝ? እሁድ እለት ሕግ ሆኖ ተጻፈ።

እንዲህ እያለ ሰፈሩ ሰፈር ሆነ። ዝንቡ ጠፋ። ደንበኞቼ ተመለሱ፤ እንዲያውም ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ውስጥ ከመቀመጥ ሰላጣውን እያዩ ውጭ መቆም መረጡ። በስም የማንተዋወቅ ጎረቤታሞች ውሃ ማጠጫ መዋዋስ ጀመርን። እኔም ባለጌው ጎመን ማብቀል ቻልኩ፤ የመጀመሪያዋን ጎመኔን ሳወጣ እንዴት እንደኮራሁ ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ።

አንድ ሰው ግን በደልን። ዳቦ ጋጋሪውን።

ጋጋሪው ከእኛ ከአስራ ስምንቱ አንዱ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ አፉን የሚከፍተው «እሺ» ለማለት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠፋ። ሽንኩርቱ ደረቀ። እሁድ ስብሰባ ላይ እትዬ ሜትር «ምን ትላለህ?» ብትለው መሬት መሬት አየ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ናት፤ ሁላችንም ተከተልን፤ የእኔም እጅ ወጥቷል። «እሺ» ብሎ ሄደ። መደቡ ለተረኛዋ ነርስ ተሰጠ። እሱም ሄዶ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ እንደ አዲስ ተመዘገበ።

በሳምንቱ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ ነገሩን አፈረጠው። የጋጋሪው እናት ሞታለች። ሌሊት እየጋገረ፣ ቀን ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሦስት ሳምንት አስታሟታል። እትዬ ሜትር መቀስ እንድስልላት ይዛ ሱቄ ውስጥ ቆማ ነበር። ፊቷ ተለዋወጠ። መቀሱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ሦስት ቀን የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከሦስተኛው ፎቅ ሲወርድ ሰማሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የዳቦ ቤቱ በር እጀታ ላይ ነጭ ሽርጥ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ ወገቡ ልክ፣ ትከሻው ልክ፣ ኪሱ ድርብ ስፌት። ጋጋሪው ከዚያን ቀን ጀምሮ አድርጎት ይውላል። እሷም ሰፋሁልህ አላለች፣ እሱም አንቺ ነሽ ወይ አላለም። እኔ ስፌቷን ስለማውቅ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል አስቡት እንግዲህ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሰው ቤት ይለቃል፣ ይሄዳል፣ ዝርዝሩ እያጠረ መጣ። በዚህ ዓመት በበጋው፣ ሰማዩ እንደ መጥበሻ በጋለበት ሰሞን፣ እትዬ ሜትር ውሃ ማጠጫ እንደያዘች ከደረጃ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ስገባ ገና ሳልቀመጥ፣ «ካሮቶቼስ?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው።»

«ነክተሃቸዋል?»

«እኔ?»

«አዎ አንተ!»

«ኧረ አልነካሁም።»

«እንዳትነካ። ያንን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በራሴ ሲመጣ ላጥፈው?» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ሃያ አንድ ሲሞላ ተረኛው ይወስዳታል።» ፊቷን ሳትመልስ፣ «አየህ መላጣ፣ ያቺ መደብ ባትኖር እኔ እዚያ መስኮት ላይ ደርቄ ነበር የምቀረው። እሷ ከሄደች ምን ልሁን ብዬ ነው ያንን ሁሉ ደረጃ የምወርደው?» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ልጇን አገኘኋት፤ ወሬውን ሰምታ ከሄደችበት ከተማ በርራ መጥታለች። ሐኪሙ ምን አለ ብላት፣ «ትራመዳለች፤ መጎንበስ ግን ከእንግዲህ የለም አለን፣ ጋሼ» ብላ አለቀሰች።

ሃያ አንደኛው ቀን መጣ። እሁድ ስብሰባ ላይ አስተማሪው እንደ ወትሮው ሕጉን ከበሩ ላይ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለና ወደ ሦስተኛው አለፈ። «ሁለተኛውን ዘለልከው» ያለ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ጫማችንን እናይ ነበር።

እኔ በበኩሌ ወስኛለሁ። በማግስቱ ማለዳ ሱቄን ሳልከፍት፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ መደቧ ላይ ደፋሁ። በሦስተኛው ቀን አፈሩ ገና እርጥብ ነው። «ተባረኪ፣ መሬቷም እንደ ባለቤቷ የያዘችውን አትለቅም» አልኩና ሁለት ባልዲዬን ደገምኩ። በሳምንቱ የካሮቱ ቅጠል ቢጫ ቢጫ አለ። ጠምቶት ነው ብዬ ሦስት አደረግሁት። የባሰ ቢጫ ሆነ። አራት አደረግሁት። አንድ ጠዋት ከመሃሉ እንቁራሪት ጮኸች። እንቁራሪት! በዚያ በጋ! እሷንም መልካም ምልክት ናት ብዬ አለፍኳት። ጅል ሰው ምልክት አያጣም።

ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። አስተማሪው በምሳ እረፍቱ እየመጣ ያጠጣ ነበር። ታክሲ ነጂው በሁለት ጉዞ መካከል ጄሪካን ይደፋ ነበር። ነርሷ እንደ መድኃኒት ጠዋትና ማታ ታጠጣ ነበር። የመንታዎቹ እናት ከሰዓት፣ መንታዎቹ ደግሞ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። የሰው መደብ መንካት ክልክል ስለሆነ ሁሉም በየሰዓቱ ተሰርቆ ይገባል፤ ማንም ለማንም አይናገርም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ሁሉም ጠምቶት ነው ብሎ ይጨምራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ አብረን ካሮት አሰጠምን።

በአርባ ሁለተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ስብሰባ ላይ ሳለን መጣች። በሁለት ክራንች፣ ልጇ ክንዷን ደግፋት፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ። ቤቷ እንኳ አልገባችም። ቀጥ ብላ መደቧ ጋ ሄዳ ቆመች። ካሮት የለም። ጭቃ ነው ያለው፤ ጭቃው ላይ የተኛ የበሰበሰ ቅጠል።

«ዝናብ ዘንቦ ነበር?» አለች።

«አልዘነበም» አለ አስተማሪው፣ ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ዝቅ ብሎ።

ክራንቿን ወደ መደቡ ሰደደችው። ስንዝር ያህል ሰመጠ። ስታወጣው እንቁራሪቷ ዘላ ወጣች። «ማነው?» አለች።

እጄን አወጣሁ። ባለፈው በቲማቲም፣ ዘንድሮ በካሮት፤ መቼም በዚህች ሴት መደብ ላይ ሳልያዝ አልሞትም። «ትንሽ ውሃ...» ስል አስተማሪው እጁን አወጣ። ገርሞኝ ዞርኩ። ታክሲ ነጂው አወጣ። ነርሷ አወጣች። የመንታዎቹ እናት አወጣች፤ መንታዎቹ ሲያወጡ እናታቸው ክው አለች። አስራ ሰባቱም ቤተሰብ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሌላ እጅ ወጣ። ጋጋሪው ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ቆሞ ነበር፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

«አንተም?» አለችው።

«ሌሊት ሥራ ስጨርስ በአጥሩ ቀዳዳ አጠጣ ነበር። አባል ስላልሆንኩ ሕጉ አይመለከተኝም ብዬ ነው» አለ። ይህን ያህል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ትፈነዳለች ብለን ጠበቅን። እሷ ግን ልጇ ላይ ተደግፋ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «አንዳችሁ ብቻ ብትወዱኝ ኖሮ ካሮቶቼ ይተርፉ ነበር!» አለች። እኛም ሳቅን፤ አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ አይኑን ጠረገ። ስንቱን ደረጃ የወረደችው፣ ስንቱን ሜዳ የተንበረከከችው ለእኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «በሉ አሁን ሁለተኛውን ሕግ አንብቡ» አለች።

«እትዬ፣ ተይው እስቲ። እጅ እናውጣና ይቅር ይባላል» አልኩ።

«የማንን እጅ?» አለችኝ። «ያን ጊዜ እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ መደቡን ስንነጥቀው መጀመሪያ የወጣው እጅ የኔ ነው። ምን ሆነህ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ደግሞም መጎንበስ አልችልም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ በሁለት ወር ውስጥ ይመጣል፤ በኔ በአንዲት መደብ ሁላችሁም ልታጡ ነው?» ወደ አጥሩ ዞረች። «ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ዝርዝሩ ላይ አንደኛው አንተ ነህ። ውሰዳት።»

ጋጋሪው ከቅንድቡ ላይ ዱቄቱን ጠረገና «እሺ» አለ።

እሺ! ይሄን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እምቢ ይላል ብለን ነበር እኮ የጠበቅነው። አንድ ጊዜ «ኧረ እትዬ» ቢል ምን ነበረበት? እሷ ቀስ ብላ ደረጃዋን ወጣች፤ መጋረጃው ተዘጋ። ልጇ ሁለት ሳምንት ሰንብታ ስትመለስ «ጋሼ፣ እማዬ መስኮቱ ጋ እንኳ መቀመጥ ትታለች፤ አደራህን» ብላኝ ሄደች። ከሱቄ በር ላይ ቀና ባልኩ ቁጥር ያ የተዘጋ መጋረጃ ነው የሚያየኝ። ጋጋሪው ደግሞ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ጭቃውን እየዛቀ ያወጣል። ምንም አልዘራበትም። ሰላም ሲለኝ አፍንጫዬን ነው የምነፋው።

ልጇ በሄደች በአራተኛው ቅዳሜ ጋጋሪው ጢሙን ሊላጭ መጣ። ሳሙናውን ቀባሁት። ምላጬ አንገቱ ላይ ሲደርስ አላስቻለኝም። «ስማ» አልኩት፣ «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሴትየዋ በቁሟ እየሞተች ነው። ‹እሺ› ይባላል?»

በመስታወቱ አየኝ። ምላጩን ከምንም አልቆጠረውም። «ጋሼ፣ ያ የስፌት መኪናቸው ጠረጴዛ ቁመቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«የምን ጠረጴዛ?»

«አርባ ዓመት የተቀመጡበት» አለ። «እዚያ ላይ ሲሠሩ አይጎነብሱም።»

ለካ ጭቃውን የሚዝቀው ለዚህ ነው! ምላጬን አስቀመጥኩና፣ ሰውየውን ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ወንበር ላይ ትቼው፣ ለደንበኛ የማለብሰውን ጨርቅ ጫፉን በጥርሴ ቀድጄ ደረጃውን ሮጥኩ። ዕድሜዬን ረስቼ ነው የሮጥኩት።

በሩ ክፍት ነበር። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ባዶ ነው፤ ሜትሩ የስፌት መኪናው ላይ ተጥሏል። «እትዬ፣ ጨርቄ ተቀደደብኝ» አልኳት። «አንተ ያልተቀደደብህ ምን አለህ?» ብላ በክራንቿ ተነስታ መሳቢያ ውስጥ ክር መፈለግ ጀመረች። ጀርባዋን እስክትሰጠኝ ጠብቄ ሜትሩን አነሳሁ። ከወለል እስከ ጠረጴዛ፣ ሰባ ሦስት። ለጉልበት ክፍት የሆነው፣ ስልሳ ሁለት። ክንዷ እስከሚደርስበት...

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እንደዚህ ያለ ጠረጴዛ ልገዛ ፈልጌ...»

«ሌባ! ቲማቲሙ አልበቃህ ብሎ አሁን ደግሞ ለጠረጴዛዬ መጣህ?» ብላ ከነ አያት ቅድመ አያቴ ሰደበችኝ። እናንተ ሆዬ፣ ስድብ እንደዚያን ቀን ጥሞኝ አያውቅም። ስድስት ሳምንት ያልሰማሁት ድምፅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ አብረን ሠራነው፤ ይህን ጊዜ ግን ተነጋግረን። ጋጋሪው ዳቦ ቤቱ የጣላቸውን የሊጥ ማሳረፊያ ሳንቃዎች አመጣ። ታክሲ ነጂው ብረት እግር አስበየደ። አስተማሪው እያንዳንዱን ልኬት ሁለት ጊዜ አየ፤ ሴንቲ ማጉደል ምን እንደሆነ ያውቃል። ከስሩ በሳሳነው፤ ሁለተኛ እንዳናሰጥማት። መንታዎቹ አፈሩን በጣሳ እያመላለሱ ሞሉት።

ሲያልቅ እንዴት እናውርዳት? «እንኳን ደስ አለሽ ነይ» ብንላት አትወርድም። እኔ መላ አላጣም። ወጥቼ፣ «እትዬ፣ አስተማሪው ከእኛ ጋር በሴንቲ ተጣልቷል፤ ከመደቤ ላይ ጎድሎብኛል ብሎ ሊከስ ነው» አልኳት። አይኗ በራ። «ያ ሰውዬ ዛሬም አልጠገበም?» ብላ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ደረጃውን ወረደች፤ እኔ ከፊት፣ ታክሲ ነጂው ከኋላ። በየእርምጃው አስተማሪውን እየሰደበችው ነው የወረደችው።

በመደቧ ቦታ ላይ ጠረጴዛ ቆሟል። ጠረጴዛው አፈር የሞላው ነው። ከፊቱ ከቤታችን ያወጣነው ወንበር አለ። ስድቧን አቋረጠች። አስራ ስምንታችንም ከበናታል።

«የማነው?» አለች።

ጋጋሪው ነጩን ሽርጡን እንደታጠቀ ነበር። «የኔ ነው» አለ። «ቀን ቀን እኔ እተኛለሁ። የሚያጠጣ ሰው ያስፈልገኛል።»

«የሰው መደብ አይነካም» አለች። «ሕግ ነው።»

አስተማሪው በክንዱ በሩን አሳያት። ከእሷ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ሥር ጋጋሪው በጠማማ ፊደሉ ሌላ ጽፎበታል፤ ባለፈው እሁድ ሁላችንም እጅ አውጥተንበታል። «አንድ መደብ በሁለት ሰው ይያዛል። የታመመ ሰው መደብ በተራ ይጠጣል፤ ያጠጣ ሰው ሌላው እንዲያውቅ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል።» አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አወለቀች። አንዱን ጫፍ በክራንቿ መሬት ላይ ረግጣ ሌላውን እስከ ሳንቃው ጠርዝ ሳበችው። «ሰባ ሦስት» አለች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሰማዩን አየሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ሳይነካ ገባ። ክንዶቿን አፈሩ ላይ ዘረጋች፤ አልጎነበሰችም። ጣቶቿ አፈሩን መስመር መስመር ማስያዝ ጀመሩ፣ ጨርቅ እንደሚያስተካክሉ ሁሉ። ከስር ስመለከት ደህናው እግሯ መሬቱ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይል ነበር፤ ፔዳል የሚረግጥ መስሎታል። ምስጋና አላውቅበትም ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን ተመስገን አልኩ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳልል።

ከዚያ ቀና ብላ ጋጋሪውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ያ የልብስ ሰፊ አይኗ ወገቡ ላይ ቆመ።

«ሽርጡ ጠቦሃል» አለችው። «ነገ ይዘኸው ና፤ ላስፋልህ።»

ጋጋሪው ወደ ወገቡ አጎንብሶ አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው ሳይነገር የቆየው ነገር ይኸው ነበር።

«እሺ» አለ።